ቀያሽ መሰልናቸው

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ኩርባ ላይ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሄልሜት ያጠለቁ ሁለት ልጆች በሳይክል በመስኮቱ በኩል አልፈውን ሄዱ። አጎንብሰው፣ ጥብቅ ያለ ልብስ ለብሰው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ። አጠገቤ ጥቅል ጎመን በፌስታል ታቅፋ የተቀመጠች ሴት በዓይኗ ተከተለቻቸውና፣ "እነዚህ ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?" አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። ረዳቱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ያቺን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄያታለሁ፤ ያኔ በቀላሉ የምትመለስ አልነበረችም።

ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እየሰማሁ። ሳይክል የጀመርኩት ከቤት ትምህርት ቤት ለመመላለስ ነበር፤ እየቆየ ግን መንገዱ አጠረብኝ። በራችን ላይ ስደርስ ሳልወርድ ማለፍ አመጣሁ። እናቴ፣ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጅማ ገብታ ትደውልልናለች" ትል ነበር።

ከገመቹ ጋር ያገናኙኝ አሠልጣኛችን ጋሽ በቀለ ናቸው። ገመቹ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ሯጭ። "ሱሉልታ ላይ ከመሮጥ የሚቀል፣ ከመቅደም የሚከብድ ነገር የለም" ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ከሚያጥለቀልቁት ሯጮች መሀል፣ እሱ ሁልጊዜ ከፊተኞቹ ኋላ፣ ከኋለኞቹ ፊት ነው። መሀል ላይ መኖር ሲሰለቸው ወደ ጋሽ በቀለ መጣ። ጋሽ በቀለ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው፤ ባሕሩ ሲሄድ እሳቸው ቡራዩ ላይ ቀሩ። አንድ ሆቴል ውስጥ ለሕፃናት ዋና እያስተማሩ ይኖሩ ነበር። ሁለታችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "አንቺ መንዳት ታውቂያለሽ፤ አንተ መሮጥ ታውቃለህ፤ እኔ መዋኘት አውቃለሁ። ሦስታችንን አንድ ሰው ውስጥ ብንከት ትራያትሎን ይወጣዋል" አሉን። እንዲህ ተጀመረ።

የተዘጋጀንበት ውድድር ላንጋኖ ላይ ነበር፤ ረጅም ርቀት። መጀመሪያ ሐይቁን መዋኘት፤ ከውሃው ወጥቶ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ዘጠና ኪሎ ሜትር በሳይክል፤ ከዚያ ሳይክሉን ጥሎ ግማሽ ማራቶን መሮጥ። ለሰው ስንነግር፣ "አንዱን አትመርጡም እንዴ?" ይሉናል። ላለመምረጥ ነበር የምንለፋው።

ለረጅም ዋና የሆቴሉ ገንዳ አይበቃም። ጋሽ በቀለ ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ካባ አገኙልን። ክረምቱ ይሞላዋል፤ ውሃው እስከ ጥር አይጎድልም። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከካባው እስከ አስፋልቱ ድረስ በጤፍና በስንዴ ማሳ መሀል የሚሄድ ጥርጊያ መንገድ አለ። ከውሃ ወጥተን እዚያ ላይ እንሮጣለን። ርቀቱን ለማወቅ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ድንጋዮች እየመረጥን ኖራ ቀባናቸው። ገመቹ ኖራውን በቆርቆሮ በጠበጠ፤ እኔ በሰዓቴ ለካሁ። መስቀል ገና ማለፉ ነበር፤ አደይ አበባው እንኳ አልረገፈም። የጠየቀንም፣ ቀና ብሎ ያየንም ሰው አልነበረም።

ኅዳር ሲጋመስ ግን ሁሉ ነገር ተለወጠ።

አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር የሚያያይዘው ማስተር ፕላን ወሬው ከዓመት በፊትም ነበረ፤ አሁን ግን እሳት ሆኖ ተነሳ። ገበሬው ማስተር ፕላንን እንደ አንድ ሰው ስም ነበር የሚጠራው። "ማስተር ፕላን ተፍኪ ደርሷል" ይላሉ፤ "ማስተር ፕላን በሱሉልታ በኩል ሲያልፍ ታይቷል" ይላሉ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፤ ጎማ ይቃጠላል። ታክሲዎች ከምሳ በኋላ የሉም። ተኩስ የተሰማበት ሰፈር በማግስቱ ለቅሶ ነው። ሰው ቀስ ብሎ ማውራት ለመደ፤ ከዚያም ከማን ጋር እንደሚያወራ መምረጥ ለመደ።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አባቴ የከተማው አስተዳደር ሹፌር ነበር፤ የሚነዳውም የመሬት ክፍሉን ፒክአፕ። ቀያሾቹን ከነመሣሪያቸውና ከነችካላቸው ጭኖ ሜዳ ያደርሳል፤ ሲጨርሱ ይመልሳል። "እኔ የያዝኩት መሪ ነው፤ መሬት አይደለም" ይል ነበር። ያን ሰሞን ይህቺን ቀልድ ተዋት።

የመጨረሻው ሳምንት እንዲህ ባለ ጊዜ ላይ ነው የገባው። ረጅም ርቀት ለሚወዳደር ሰው ያ ሳምንት የሥራ ሳምንት አይደለም። ልምምዱ ይቀነሳል፤ ይበላል፤ ይተኛል። ጋሽ በቀለ አስቀድመው አስጠንቅቀውን ነበር። "ሰውነት ሥራ ሲፈታ ወሬ ያመጣል። አትስሙት።" እውነትም ሰውነቴ ወሬኛ ሆነ። ግራ ጉልበቴ ሳያመኝ ያመመኝ መሰለኝ። ምራቄን በዋጥኩ ቁጥር ጉሮሮዬን እጠረጥራለሁ። ያስነጠሰ ሰው ካለ ከአጠገቡ እሸሻለሁ። ወተት ጠጥቼ ሆዴን አዳምጣለሁ። ዓመት ሙሉ ሲታዘዘኝ የኖረ አካል በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዳ ሆነብኝ። ከውጭ አገሩ እርስ በርሱ ይጠራጠራል፤ ከውስጥ እኔ ከራሴ ጋር።

በሳምንቱ መጀመሪያ ቀለል ያለ ግልቢያ ወደ ተፍኪ ወጣን። ታኅሣሥ እዚያ መንገድ ላይ መልካም ወር ነው። የበቾ ጥቁር መሬት ሽምብራ ለብሷል፤ ጤፉ ታጭዶ እዚህም እዚያም ተከምሯል፤ የገለባ ሽታ ከነፋሱ ጋር ይመጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሴቶቹ እሸት ይዘው "ኑ ቅመሱ" ይሉናል። ያን ቀን ማንም አልጠራንም። አጫጆቹ ቀና ብለው ያዩናል፤ እስክናልፍ ድረስ ማጭዳቸው አይንቀሳቀስም።

የለመድናት ሻይ ቤት ደጃፍ ሳይክላችንን አስደግፈን ተቀመጥን። ባለቤቲቱ ሻዩን አምጥታ ስኳሩን ረሳች፤ ወይ ተወችው። ከጎናችን የተቀመጠ ጎልማሳ እጄን ሲያይ ቆየ።

"ይሄ ሰዓት ምን ይለካል?"

"ርቀት" አልኩት ሳላስብ።

"የምን ርቀት?"

"የመንገዱን።"

ሰውዬው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "መንገዱን ማን ለኩ አላችሁ?"

ገመቹ ተነስቶ ሰውዬውን በትከሻው ያዘና ወደ ጓሮ ወሰደው። በኦሮምኛ ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ቆዩ። ሲመለስ "እንሂድ" አለኝ።

"ምን አልከው?"

"ሞኞች ነን አልኩት።"

ሳቅኩ። ትንሽ እንደነዳን ግን ሳቄ ለቀቀኝ። ሞኞች ነን ለማለት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ ገመቹን ማየት ጀመርኩ፤ ጓደኛ ጓደኛውን እንደሚያይ ሳይሆን፣ የሻይ ቤቱ ሰውዬ ሰዓቴን እንዳየው። ስልኩ ሲጠራ ራቅ ብሎ ሄዶ ያወራል። አርፍዶ የማያውቅ ልጅ ያረፍዳል። ለስንቅ ከምይዘው በሶና ቆሎ እኩሌታውን ሳይበላ በኪሱ ይከታል። ቡራዩ መግቢያ ያለው ፍተሻ መቼ እንደሚላላ ጠየቀኝ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ወንድምሽ የማያደርገው ጫማ የለውም? አርባ አንድ ቁጥር?" አለኝ። እሱ አርባ አራት ነው የሚያደርገው። ጫማውን አመጣሁለት፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ጆሮ ጠቢ ሆኖ ይሆን? ወይስ ከመንገድ ዘጊዎቹ ጋር ነው? ሁለቱም ሐሳብ በተራ ይመጣብኛል። ሁለቱንም ሳባርር ጉልበቴ ያመኛል።

እራት ላይ አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ፣ "ያ የሱሉልታው ልጅ ወንድም አለው እንዴ?" አለኝ።

"አላውቅም። ለምን?"

"እንዲሁ" አለና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ በቀለ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩና ሁለታችን ብቻ ለመጨረሻ ጊዜ ለመዋኘት ካባው ሄድን። ጥቁሩን የላስቲክ የዋና ልብስ ለብሰን ገባን። ውሃ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው። ደስ ብሎኝ ስወጣ ሳይክሎቻችን በቦታቸው የሉም። በነሱ ፈንታ ዱላ የያዙ ወጣቶች ቆመዋል። ከፊታቸው ነጠላቸውን አደግድገው የቆሙ አንዲት አሮጊት አሉ። የመንገዱ ዳር ማሳ የእሳቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስማቸው አዴ ጫልቱ፣ እማማ ጫልቱ እንደማለት፣ መሆኑን ያወቅኩት ግን ያኔ ነው።

ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። ውሃ የሚንጠባጠብ ጥቁር ላስቲክ ለብሰን ምን እንደምንመስል እግዜር ይወቀው።

"ማነው የላካችሁ?" አሉ።

"ማንም አልላከንም፣ አዴ። ስፖርተኞች ነን" አለ ገመቹ።

"ስፖርተኛ ድንጋይ ይቀባል?"

ገመቹ ሊያስረዳ ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት። "ነገ ጠዋት ኑ። ሽማግሌ ይቀመጣል" አሉ። "ሳይክላችሁ እኔ ቤት ነው።" ውድድሩ እሑድ ነበር።

በማግስቱ በእግራችን መጣን። ሦስት ሽማግሌዎችና አዴ ጫልቱ ካባው አፍ ላይ፣ ተፈልጠው በቀሩ ድንጋዮች ላይ ተቀምጠዋል። "አካም ቡልተን" ብለን እንዴት አደራችሁ አልናቸው። መለሱልን፤ ሰላምታ ለጠላትም አይነፈግም። ስማችንን ጠየቁ፤ ሰናይትና ገመቹ እንደምንባል ነገርናቸው። ገመቹ ስለ ውድድሩ፣ ስለ ኖራውም በኦሮምኛ አስረዳ። የባሰው ለእሱ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ "ባዳ ቢለካው ባዳ ነው። አንተ ግን የኛ ልጅ" አሉት። አንገቱን ደፋ።

አዴ ጫልቱ ተራቸውን ጠብቀው፣ እኔ እንድሰማ በአማርኛ ተናገሩ። "መጀመሪያ የመጡትም እንደናንተ ወጣቶች ነበሩ። ውሃ ጠየቁኝ፤ እርጎ ሰጠኋቸው። 'ለመንገድ ነው የምንለካው' አሉኝ። ድንጋይ ላይ ቀለም ቀቡ። አመሰገኑና ሄዱ። በዓመቱ የወንድሜ ማሳ የአበባ እርሻ ሆነ። ወንድሜ አሁን እዚያው ዘበኛ ነው፤ የገዛ መሬቱን ለሰው ይጠብቃል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምን ይሠራል?"

ፒክአፑ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ከኋላው የተጫኑት ችካሎች ጭምር። ገመቹ ያውቃል፤ አንድ ሁለቴ አባቴ በዚያው መኪና ሸኝቶናል።

"ሹፌር ነው" አለ ገመቹ ቀድሞኝ።

"የሹፌር ልጅ ናት በሳይክል የምትሄደው?" አሉ አንዱ ሽማግሌ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከዚያ ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። "ዋናተኞች ከሆናችሁ ዋኙ። እንያችሁ።"

ዓርብ ጠዋት፣ ውድድሩ ሊደርስ፣ ማረፍ ሲገባን፣ እዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ገባን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን አምርሬ ዋኝቼ አላውቅም። ካባውን ከዳር ዳር ተሻግረን ተመለስን፤ "ድገሙ" ሲሉን ደገምን። ለመተንፈስ ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌዎች በድንጋዩ ላይ ተደርድረው አያለሁ። ስንወጣ አንዱ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። ወጣቶቹ ተጠግተው የላስቲኩን ልብስ በጣታቸው ይነካኩ ጀመር።

አዴ ጫልቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። "ዋናችሁን አየሁ" አሉ። "ልባችሁን አላየሁም። ኖራውን አጥፉና ሳይክላችሁን ውሰዱ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ አውድማቸው ተበታተኑ። እኛ ባልዲና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዘን ከድንጋይ ድንጋይ በጉልበታችን እየተንፏቀቅን ፈተግን። ኖራው ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ጠጥቷል፤ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ግማሽ ያህሉን እንደጨረስን ከአስፋልቱ በኩል የፖሊስ ፒክአፕ ታጥፎ መጣ። የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ብንሮጥማ የባሰ ነው።

አለቃቸው ወርዶ ድንጋዩን አየ፤ ባልዲውን አየ። "ምንድን ነው የምታጠፉት?"

"ኖራ" አልኩ።

"ኖራ መሆኑን አያለሁ። የምን ምልክት ነው? ለማን ነው?" መታወቂያችንን ተቀበለ። የእኔን አየት አድርጎ መለሰልኝ። የገመቹን ግን ያዘው። "ሱሉልታ? የሱሉልታ ሰው ቡራዩ ምን ያደርጋል?" ስልኩንም ወሰደ። የልምምድ መንገዶቻችን ስክሪኑ ላይ በቀይ መስመር ተስለዋል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ። አለቃው ስልኩን አዞረና ለጓደኛው አሳየው። ለማስተር ፕላኑ መሬት ሊከልሉ የመጡ ቀያሾች መስለን በሽማግሌ ፊት የቆምን ሰዎች፣ በሰዓታት ውስጥ መንገድ ለመዝጋት የሚያሴሩ ሆንን።

"ና ውጣ" አለው ገመቹን፣ ወደ ፒክአፑ እያመለከተ።

የገመቹ ፊት አመድ መሰለ። የሱሉልታ ልጅ ነው፤ የተወሰዱ ሰዎችን ያውቃል። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ብቻ ከማሳው በኩል የአዴ ጫልቱ ድምፅ መጣ። ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው ይራመዳሉ።

"ልጆቼ ምን አደረጓችሁ?"

"እማማ፣ ያውቋቸዋል?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው። በጥር ልጄን እድራለሁ። ሠርገኛ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ የልጆች ጨዋታ አቆሽሾታል፣ እጠቡልኝ ብዬ ነው።"

"ስማቸው ማነው?"

"እሱ ገመቹ። እሷ ሰናይት።" አንድ ጊዜ ብቻ የሰሙትን ስም ዓይናቸውን ሳያሹ ጠሩት። "አሁን ብትለቋቸው ምናለ? ቀኑ እየሄደ ነው።"

አለቃው መታወቂያውንና ስልኩን ለገመቹ መለሰ። ፒክአፑ አቧራውን አልብሶን ሄደ።

"አዴ፣ እግዜር ይስጥልን" አልኩ። "አሁን አመኑን ማለት ነው?"

"አላመንኩም።"

"ታዲያ ለምን—"

"ሰው ተጭኖ ሲሄድ ማየት ሰልችቶኛል" አሉ። "ተሳስቼ ከሆነ ዕዳው የኔ ነው። ይልቅ ያቺኛዋ ድንጋይ አልጠራችም፤ ድገሟት።"

ሳይክላችንን ይዘን አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ገመቹ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ቦንሳ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ይማራል። ግቢው ሲታወክ በአጥር ዘሎ ወጣ፤ አንድ እግር ጫማው አጥሩ ላይ ቀረ። የክፍል ጓደኞቹ ተይዘዋል፤ ስሙም ተጠርቷል። ሱሉልታ እናታቸው ቤት፣ የሣር ክምር ውስጥ ተደብቆ ነው የሰነበተው። የተፍኪው ሰውዬ የአጎታቸው ልጅ ኖሯል፤ እኔን ስላላመነ ነው ገመቹን እንደማያውቀው የሆነው። ቦንሳን ሊያስጠጋው ይችል እንደሆነ ነበር ገመቹ የጠየቀው፤ አልሆነም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

መሬቱን እያየ፣ "አባትሽ እራት ላይ ምን እንደሚጠይቅሽ አላውቅም" አለኝ።

ልቆጣ ፈለግኩ። የአባቴ ጥያቄ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ቁጣው አልመጣ አለኝ።

"ዝዋይ አክስት አለችን" አለ። "ነገ ወደ ላንጋኖ የሚወስደን የጋሽ በቀለ ሚኒባስ በዚያ ያልፋል።"

ማታ ዕቃዬን ስሸክፍ አባቴ በሩን ተደግፎ ቆመ። "ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?"

"አራት።"

"ሦስት ነበራችሁ አላልሽኝም?"

"መካኒክ ጨምረናል።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አስተውሎ አይቶኝ አያውቅም። "መንገድ ላይ መካኒክ ጥሩ ነው" አለና ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ግን እስኪነጋ በራችን የተንኳኳ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቦንሳን የወንድሜን ጫማ እንዳደረገ አየሁት። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሣር ሣር የሚል ልጅ። ጋሽ በቀለ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። እጁን ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "የመካኒክ እጅ እንዲህ አይነጣም" አሉ። ከሳይክሌ ሰንሰለት ላይ ጥቁር ግራሶ በአውራ ጣታቸው ወስደው መዳፉንና ጥፍሩን ቀቡት። ገመቹ በመንገድ ላይ የጎማ አያያዝ ሲያስተምረው፣ እናታቸው የላከችውን ጭኮ እየተቀባበልን በላን። የተጠበሰው ገብስና ቅቤ ጣታችን ላይ ተጣበቀ።

ገላን ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ፖሊሱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ቦንሳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄስ?"

"መካኒካችን ነው" አልኩ። አዴ ጫልቱ ስማችንን እንደጠሩት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

"ጎማ ሲተነፍስብህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" አለው ፖሊሱ።

"መጀመሪያ እሾሁን እፈልጋለሁ" አለ ቦንሳ። "እሾሁ ሳይወጣ ጎማ ቢቀየር መልሶ ይተነፍሳል።"

ፖሊሱ ፈገግ አለ፤ ወይ መሰለኝ። በእጁ እለፉ አለን። ከገላን እስከ ሞጆ በመኪናው ውስጥ የተነፈሰ ሰው መኖሩን እንጃ። ዝዋይ ስንደርስ ቦንሳ ሳይሰናበት ወረደና የዓሣ ሻጮቹ መሀል ጠፋ።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምለው የለኝም። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ከካባው ጋር ሲተያይ ለብ ያለ ወጥ ነው። በሳይክሉ ነፋሱ አሰቃየኝ፤ በሩጫው ፀሐዩ። ገመቹ ሩጫው ላይ ደርሶብኝ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ ሲጨርስም ከፊተኞቹ ጋር ነበር። እኔ ከመጨረሻዎቹ ጋር ጨረስኩ። ጉልበቴ አንዴም አላመመኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሲዋሸኝ ነበር የከረመው።

ጥር ሲገባ እኔና ገመቹ አዴ ጫልቱን ልንጠይቅ ሄድን፤ ለሠርጉ ስጦታ ብለን ብርድ ልብስ ይዘን። ሠርግ የሚባል ነገር የለም። የሚዳር ልጅም አልነበራቸውም። ብርድ ልብሱን ተቀብለው እርጎ አቀረቡልን፤ ስንጠጣ እያዩን፣ "አሁንም እየተጠራጠርኳችሁ ነው" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። በዚያው ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሁከቱ ግን ገና ብዙ ሰው ሊበላ ነበር። ካባውም ዛሬ ተደፍኖ ሕንፃ ቆሞበታል፤ የለካው ማን እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ያረፈው አምና ነው። ገመቹ ከሱሉልታ፣ ቦንሳ ከሚሠራበት ከአዳማ መጡ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከቤተ ዘመድ እኩል ሰነበቱ። ሰው ሲቀል ገመቹ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

"አባትሽ ያን ጊዜ አውቆ ነበር?"

"አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።"

"ቀጥ ብሎ ቢጠይቅሽስ? ትነግሪው ነበር?"

ለቅሶ ቤት ውስጥ መዋሸት አልሆነልኝም። "እሱንም አላውቅም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቀየመኝም። "እኔም እሱን ስለማላውቅ ነው ያልነገርኩሽ" አለ። ቀጥለን ስለ ልጆቻችን አወራን።

ወጣት ሳለሁ ሰው የሚያምነው ጥርጣሬው ሲያልቅ ይመስለኝ ነበር። ያን ሳምንት ያተረፉን ሰዎች ግን ጥርጣሬያቸው አላለቀም ነበር። አዴ ጫልቱ ሳያምኑን ነው ልጆቼ ያሉን። ገመቹ ሳያምነኝ ነው ወንድሙን ከጎኔ ያስቀመጠው። አባቴስ? በር ላይ ቆሞ ያየኝን ማየት አሁንም አንዳንድ ቀን አስበዋለሁ። ምን እንዳወቀ፣ ከቢሮው ምን ሰምቶ እንደመጣ፣ ማን ሲጠይቀው ዝም እንዳለልኝ በሕይወት ሳለ ልጠይቀው የምችልባቸው ብዙ ዓመታት ነበሩ። አልጠየቅኩትም፤ አልጸጸትም። አንዳንድ ደግነት ሲጠይቁት ይሸሻል። ደግነት ከነበረ።